ጉዳትን ማሳየት፣ ምክንያትን ማሳየት፦ የአየር ንብረት ዘጋቢ ፊልሞች በሂስ ዓይን

ዘጋቢ ፊልም ያለውን ነገር እንዳለ የሚያሳይ መስታወት ነው የሚለው አስተያየት በተመልካች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ ከያንያንም ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ይሁን እንጂ ካሜራ በራሱ ፈቃድ የትም አይቆምም። የሚያቆመው ሰው አለ፤ የሚዞርበት አቅጣጫ አለ፤ ሳያሳየው የሚያልፈው ነገርም አለ። ከተቀረጸው ውስጥ የትኛው ተመርጦ የትኛው እንደሚጣል፣ ምስሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚያያዙ፣ በምስሉ ላይ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ ውሳኔ ነው። ውሳኔ ባለበት ደግሞ አቋም አለ። ስለዚህም የአንድ ዘጋቢ ፊልም ሂስ ምስሉ ማማሩን ወይም መረጃው መብዛቱን በመመስከር ብቻ ሊወሰን አይችልም፤ አቋሙን ፈልቅቆ ማውጣት ይኖርበታል።

የአየር ንብረት ለውጥ ለዚህ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ከባድ ፈተና የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጉዳቱ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን አይታይም። የደረቀ ኩሬ፣ የሞተ ከብት፣ ጎርፍ የወሰደው ቤት ለካሜራ የተመቹ ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በሐዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ መለካት በተጀመረበት በ1958 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል 315 ያህል የነበረው የዚህ ጋዝ መጠን ዛሬ ከ420 በላይ ደርሷል። ይህንን ጭማሪ ማንም በዓይኑ አላየውም። ከዚህም በላይ ጭሱ የወጣበት ቦታና ጥማቱ የደረሰበት ቦታ በአህጉርና በትውልድ የተራራቁ ናቸው። አንዱ አምርቶ በልጽጎበታል፤ ሌላው ምንም ሳያመርትበት ከብቱን ቀብሯል። እነዚህን ሁለት ዳርቻዎች በአንድ ሸራ ላይ አገናኝቶ ማሳየት የዳይሬክተሩ ዐቢይ ተግባር ነው።

ከዚህ አንጻር እያንዳንዱን የአየር ንብረት ዘጋቢ ፊልም በሦስት ጥያቄዎች መመዘን ይቻላል። በፊልሙ ውስጥ ተጎጂ ሆኖ የሚታየው ማን ነው? ነገሩን የሚያብራራው ማን ነው? ተጠያቂ ሆኖ የሚቀርበውስ ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የደቡቡ ዓለም ገበሬና አርብቶ አደር ነው፤ ለሁለተኛው የሰሜኑ ዓለም ምሁር ነው፤ ለሦስተኛው ግን መልስ አይገኝም።

የወሎ ትምህርት

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ የአየር ንብረት ለውጥ የሚለው ሐረግ ከመለመዱ በፊት የተነሣ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ መጀመሪያ ካሜራቸውን ወደዚያ ያዞሩት የውጭ አገር ጋዜጠኞች አልነበሩም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ለእይታ አቅርበው ነበር። ያ ምስል ግን የአገሩን አደባባይ ሳያገኝ ቀረ። ዓለም ነገሩን ያወቀው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ፊልም በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በለንደን ከታየ በኋላ ነው።

የፊልሙ ርእስ ራሱ ሂስን ይጋብዛል። ለመሆኑ ያልታወቀው ለማን ነው? ለሚሞተው ገበሬ የታወቀ ነበር። ፎቶግራፍ ላነሡት መምህራን የታወቀ ነበር። ሪፖርት ደርሶት ሪፖርቱን በመሳቢያ ለቆለፈው ባለ ሥልጣንም የታወቀ ነበር። ያልታወቀው በለንደን ሳሎኑ ውስጥ ለተቀመጠው ተመልካች ብቻ ነው። አንድ ነገር «ታወቀ» የሚባለው የሩቁ ተመልካች ሲያየው ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚያን ጊዜ ተተክሎ ዛሬም በአየር ንብረት ፊልሞች ውስጥ እየተወረሰ መጥቷል።

እርግጥ ነው፣ ፊልሙ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ መልኩ ርኅራኄን የሚጠይቅ እንጂ የዘውዱን ሥርዓት በግልጽ የሚከስ አልነበረም። ክሱ የመጣው ከቅንብሩ ነው። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዋዜማ፣ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ የረሃብተኛው ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ለውሾች ከሚቀርብ ሥጋ ምስል ጋር እየተፈራረቀ ነበር የታየው። ሰርጌይ አይዘንስታይን በ1925 እ.ኤ.አ. «አድማ» በተባለው ፊልሙ የሠራተኞችን ጭፍጨፋ ከበሬ መታረድ ጋር በማፈራረቅ እንዳሳየው፣ ሁለት ምስሎች ሲጋጩ በሁለቱም ውስጥ ለየብቻ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል። ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ አጠገብ የተቀመጠው የወሎ ገበሬ ሞት የተፈጥሮ ቁጣ መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካ ወንጀል ሆነ። በኢትዮጵያ የፊልም ታሪክ ቅንብር እንዲህ ያለ ኃይል ያሳየበት ሌላ ምሽት ማግኘት ያስቸግራል።

ነገር ግን ይኸው ምሽት ሁለተኛ ትምህርትም አለው። ክሱ እውነት ነበር፤ ምሉእ ግን አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የወሎን ረሃብ ሲመረምር፣ የገበሬው አዝመራና ከብት ሲጠፋ የመግዛት አቅሙም አብሮ መጥፋቱን፣ በዚያው ወቅትም ከወሎ እህል ወደ ሌሎች አካባቢዎች ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራቸው ድርቅና ረሃብ አንድ አለመሆናቸውን፣ ገበሬውን ለረሃብ አሳልፎ የሚሰጠው ያለበት የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ሥርዓት መሆኑን በማስረጃ አስረድተዋል። የገበያውን ዋጋ፣ ጭሰኛው የሚከፍለውን እርቦና ሲሶ፣ በመንገድ ላይ የሚያልፈውን የእህል መኪና ግን የትኛውም ካሜራ አልቀረጸውም። ክሱ በአንድ አዛውንትና በግብዣቸው ላይ ሲያተኩር የረሃቡ አሠራር ሳይነካ ቀረ።

ይህ እንዲያው የንድፈ ሐሳብ ነገር አይደለም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያንን ፊልም በዘውዱ ላይ የመሰከረው ሥርዓት 10ኛ ዓመቱን በታላቅ ድምቀትና ወጪ ሲያከብር፣ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ግብዣውና ረሃቡ እንደገና ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን በአገሩ ቴሌቪዥን ሁለቱን አፈራርቆ የሚያሳይ አልተገኘም። ኪነ ጥበብ የትናንቱን ባለ ሥልጣን ብቻ እንዲከስ ሲፈቀድለት ለዛሬው ባለ ሥልጣን መደበቂያ ይሆናል።

የኮረሙ ዘገባም የራሱ ጉድለት ነበረው። የአሚን ምስል በጎሕ ብርሃን የተነሣ፣ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ለሰው ክብር የሚጨነቅ ነው። በላዩ የተነበበው ቃል ግን ረሃቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ከተጻፈው መቅሠፍት ጋር አመሳሰለው። መቅሠፍት ደግሞ ደራሲ የለውም። የእርስ በርሱ ጦርነት፣ የእህል ኮታው፣ በንግድ ላይ የተጣለው ገደብ፣ ለዓመታት ያለ ጥበቃ የተሸረሸረው አፈር ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ሥር ተቀበሩ። ዓለም አዘነ፤ ገንዘብም ተዋጣ፤ ብዙ ነፍስም ዳነ። ኢትዮጵያ ግን ለአንድ ሙሉ ትውልድ በዓለም አእምሮ ውስጥ የአንድ ምስል እስረኛ ሆና ቀረች።

ማረሻውና ታንኩ

ምክንያትን በምስል ማሳየት የማይቻል ነው የሚሉ አሉ። ይህንን የሚያፈርስ ማስረጃ ቀድሞ በ1936 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተሠርቷል። በፔር ሎረንትዝ የተዘጋጀው «ሜዳውን የሰበረው ማረሻ» የአሜሪካን ታላላቅ ሜዳዎች ወደ አቧራ የለወጠውን ጥፋት የሚያሳይ አጭር ፊልም ነው። ሎረንትዝ በአቧራ የታፈኑትን ቤተሰቦች ብቻ አላሳየም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲንር በሜዳው ላይ የተሰለፉትን ትራክተሮች ከጦር ሜዳ ታንኮች ጋር እያፈራረቀ አቀረበ። ቀጥሎም የአክሲዮን ገበያውን ዋጋ የሚያትመው መሣሪያ ተንኮታኩቶ ሲወድቅ አሳየ። ተመልካቹ ያለ ብዙ ስብከት አፈሩን ያጠፋው የዝናብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የትርፍ ጥድፊያ መሆኑን ይረዳል።

ይህ ፊልም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ እንደመሆኑ ከፕሮፓጋንዳ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ከሜዳው በኃይል ስለተፈናቀሉት ነባር ሕዝቦች ታሪክም የሚገባውን ያህል አይናገርም። ቢሆንም «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የአበው ብሂል በፊልም ቋንቋ የተረጎመ ሥራ ነው። ከእርሱ በኋላ የተሠሩ የአካባቢ ፊልሞች ሁሉ ሊለኩ የሚገባው በዚህ ሚዛን ነው።

ግራፉና አህጉሩ

በዚህ ዘርፍ በዓለም ዙሪያ ከታወቁት ሥራዎች ግንባር ቀደሙ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴቪስ ጉገንሃይም «የማይመች እውነት» ነው። ፊልሙ የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር በየአገሩ እየዞሩ የሚሰጡትን ገለጻ መሠረት ያደረገ ሲሆን በ2007 እ.ኤ.አ. የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በቅርፅ ረገድ ያስገኘው ውጤት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የማይታየውን ጋዝ በመስመር አሳይቷል። ተናጋሪው የግራፉ ጫፍ ላይ ለመድረስ በማንሻ መሣሪያ ወደ ላይ ሲወጡ የሚታዩበት ትዕይንት፣ ደረቅ አኃዝ እንዴት ወደ ተውኔት ሊለወጥ እንደሚችል ለመምህራን ሁሉ ትምህርት ይሰጣል።

ይዘቱ ግን በሦስቱ ጥያቄዎች ሲመዘን ይጎድላል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያብራራው አንድ ሰው ነው። አፍሪካ በፊልሙ ውስጥ የምትገባው በተራቆተው የኪሊማንጃሮ በረዶና በደረቀው የቻድ ሐይቅ አማካይነት ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ አይናገርም፤ ሐይቁ በእርሱ ፋንታ ይናገራል። ይህ የአቀራረብ ድክመት የማስረጃም ድክመት ሆኖ ተገኝቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ፊልሙ በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች መታየቱን በመቃወም በቀረበ ክስ፣ የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፊልሙ ዋና ጭብጥ በሳይንስ የተደገፈ መሆኑን ተቀብሎ፣ ለመምህራን ማብራሪያ እንዲታከልባቸው 9 ነጥቦችን ለይቶ ነበር። የኪሊማንጃሮና የቻድ ሐይቅ ምሳሌዎች ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱም ቦታዎች የተለወጡት በብዙ ምክንያቶች በመሆኑ ጥፋቱን በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ብቻ መጫን በቂ ማስረጃ እንደሌለው ፍርድ ቤቱ ገልጿል። አፍሪካን እንደ ምሳሌ እንጂ እንደ ጥናት መስክ ያላየ ፊልም፣ በአፍሪካ ምሳሌዎቹ ላይ መሰናከሉ ድንገተኛ አይደለም።

መደምደሚያውም እንዲሁ ያጠራጥራል። በፊልሙ ማብቂያ ላይ ከስሞች ዝርዝር ጋር እየተፈራረቀ የሚመጣው ምክር በአመዛኙ ለግለሰብ የተሰጠ ነው። አምፖልን መለወጥ፣ ዛፍ መትከል፣ መኪናን በቁጠባ መንዳት ክፉ ነገር አይደለም። ሆኖም ከሰዓት በላይ የፈጀ ዓለም አቀፍ ክስ በቤት ውስጥ አምፖል ሲደመደም፣ የነዳጅ ኩባንያውና ለኩባንያው ሕግ የሚያወጣው መንግሥት ከተከሳሽ ሳጥን ሾልከው ይወጣሉ። መኪናም አምፖልም የሌለው ገበሬ ከዚህ ምክር ውስጥ ድርሻ የለውም።

አዳራሹና ደሴቱ

በ2011 እ.ኤ.አ. የተሠራው የጆን ሼንክ «የደሴቱ ፕሬዚዳንት» አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል። መሬታቸው ከባሕር ወለል በአማካይ በ1.5 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ የሚለው የማልዲቭስ ደሴቶች ፕሬዚዳንት የነበሩት መሐመድ ናሺድ፣ በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ለተካሄደው የዓለም ጉባኤ ሲዘጋጁና ሲከራከሩ ካሜራው ይከተላቸዋል። የፊልሙ ብርታት ተመልካች አይቶት የማያውቀውን አዳራሽ መክፈቱ ነው። የአንድ አገር ህልውና በአንዲት ሐረግ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ ትንሽ አገር በታላላቆቹ መካከል እንዴት እንደሚገፋ በግልጽ ይታያል። በዚህ ፊልም የደቡቡ ሰው ተጎጂ ብቻ ሳይሆን አብራሪም ከሳሽም ነው።

ድክመቱ ክሱን በአንድ ጀግና ትከሻ ላይ ማኖሩ ነው። የደሴቶቹ ዓሣ አጥማጅና የቤት እመቤት በአመዛኙ ከበስተ ጀርባ ቀርተዋል። ናሺድ በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ሲለቁ የፊልሙም ተስፋ አብሮ የወረደ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው። በዚያው ጉባኤ የአፍሪካ መሪዎች ወኪል ሆነው የተከራከሩት የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እንደነበሩ ይታወሳል። ባለጸጎቹ አገሮች በዚያ አዳራሽ በ2020 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለማዋጣት ቃል ገቡ፤ ቃሉ በራሳቸው ሒሳብ እንኳ የተሞላው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። የቃሉ መዘግየት በአንድ ከብት አርቢ ቤተሰብ ላይ ምን እንዳስከተለ፣ አዳራሹንና የደረቀውን ኤላ በአንድ ቅንብር አያይዞ የሚያሳይ ፊልም ግን ገና ቦታው ክፍት ነው።

ካሜራው በገበሬው እጅ

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለሦስቱ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ የሚቀርበው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው «ለዝናቡ ምስጋና» ነው። ኖርዌጂያዊቷ ጁሊያ ዳር በኬንያ ኪቱይ አውራጃ ለሚኖሩት ገበሬ ለኪሲሉ ሙስያ ካሜራ ሰጥታ፣ ገበሬው ለዓመታት የገዛ ቤታቸውን፣ ማሳቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ቀርጸዋል። ውጤቱ ከውጭ መጥቶ ከሚያይ ዓይን ፈጽሞ የተለየ ነው። ዝናብ የጠፋበትን ሰማይ የሚቀርጸው ሰው ዝናቡን የሚጠብቀው ሰው ራሱ ነው። አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ሲያፈርሰው ካሜራው የሚንቀጠቀጠው ለስልት ተብሎ ሳይሆን የያዘው እጅ ስለተንቀጠቀጠ ነው።

ፊልሙ ገበሬውን ፍጹም አድርጎ አለማቅረቡም ለእውነተኛነቱ ምስክር ነው። ኪሲሉ ጎረቤቶቻቸውን ለማደራጀት ከመንደር መንደር ሲዞሩ የቤቱና የእርሻው ሸክም በባለቤታቸው ላይ ይወድቃል፤ የባለቤታቸው ድካምና ቅሬታም ከፊልሙ አልተቆረጠም። ይህ ለካድሬም ለመምህርም የሚናገረው ነገር አለው፤ ሌላውን ለማንቃት የሚሮጥ ሰው በቤቱ የማን ጉልበት እንደሚሸከመው ቢመለከት መልካም ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኪሲሉ ወደ ፓሪሱ ጉባኤ ሲሄዱ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ የገበሬ ድምፅ ምን ያህል ጠባብ ቦታ እንዳለው ተመልካቹ በእርሳቸው ዓይን ያያል። አዳራሹና የደረቀው ማሳ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ሆኖም ይህም ሥራ ከሂስ አያመልጥም። ካሜራው በገበሬው እጅ ቢሆንም የመጨረሻው ቅንብር የተሠራው በአውሮፓ ነው። ዳይሬክተሯ የወጣችባት ኖርዌይም በነዳጅ ዘይትና በጋዝ ሽያጭ የበለጸገች አገር ናት። ካሜራ መስጠት ትልቅ እርምጃ ነው፤ መቀሱን መስጠት ግን ከዚያ የላቀ ነው። የምስሉ ትርጉም የሚወሰነው በቅንብር ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ከመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የበለጠ ያስተማረ የለም።

የጉድጓዶቹ ጥበብና አደጋው

ከሐዘን ፊልሞች በተቃራኒ የቆመ ሌላ ዘውግም አለ፤ ያገገመ መሬት የሚታይበት የተስፋ ፊልም ነው። የማርክ ዶድ «በረሃውን ያስቆመው ሰው» (2010 እ.ኤ.አ.) የቡርኪና ፋሶውን ገበሬ የያኩባ ሳዋዶጎን ታሪክ ይተርካል። እኚህ ሰው ከ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ «ዛይ» የተባለውን ነባር ዘዴ አሻሽለው፣ በደረቀውና በጠነከረው መሬት ላይ ትናንሽ ጉድጓዶችን በበጋ እየቆፈሩ ፍግ ጨመሩባቸው። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፤ ምስጡ መሬቱን ይበሳል፤ በክረምት ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በመጀመሪያ እንደ እብድ ተቆጠሩ፤ የተከሉት ደንም ተቃጠለባቸው። በስተኋላ ግን ዓለም አወቃቸው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም እስከተለዩ ድረስም ያስተምሩ ነበር። የጆን ሊዩ «በሚለወጥ አየር ንብረት ውስጥ ተስፋ» (2009 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከቻይና ጀምሮ በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ አልፎ እስከ ሩዋንዳ ድረስ የተራቆቱ ተዳፋቶች በሕዝብ ጉልበት እንዴት እንደለሙ ያሳያል።

እነዚህ ፊልሞች ከኮረሙ ምስል እስር ነጻ የሚያወጡ ናቸው። ገበሬው በእነርሱ ውስጥ የሚያስብ፣ የሚሞክር፣ የሚያስተምር ሰው ነው። የትግራይና የወሎ ተዳፋት እርከን የተሠራው በድንጋይ ተሸካሚው ጀርባ መሆኑን የሚያውቅ የአገር ተመልካች በኩራት ያያቸዋል። አደጋቸው ግን ከዚያው ከብርታታቸው ይመነጫል። ገበሬው በገዛ ጉልበቱ መሬቱን ማዳን ከቻለ ጭሱን ያወጣው ወገን ምን ዕዳ አለበት? የሚል ስውር መደምደሚያ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ይህም «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» እንደሚባለው ነው። ያኩባ ያለሙትን ደን የከተማው መስፋፋት ሲቆራርሰው የሚያሳየው የፊልሙ ክፍል ከሁሉም የላቀ ጥቅም ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የገበሬ ጥበብ መሬትን ያድናል፤ የመሬቱን መብት ግን ጥበብ ብቻውን አያስከብርም። ለዚህ ሕግና ኃይል ያስፈልጋል፤ ካሜራውም ሁለቱን ማሳየት ይኖርበታል።

ለነገው ሥራ

ዛሬ ምክንያትን ማሳየት ከቀድሞው የቀለለ ሆኗል። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ በአፍሪካ ቀንድ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ በቦረናና በሶማሌ የአርብቶ አደሩ መንጋ አልቋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ጥናት፣ ሰው ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ይህ ዓይነቱ የእርሻ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ 100 ጊዜ እጥፍ እንዳሳደገው ገምቷል። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአማካይ ከ0.2 ቶን ያነሰ ሲሆን የአንድ አሜሪካዊ ወደ 14 ቶን ይደርሳል። እነዚህ ሁለት አኃዞችና በኤላው አፍ የቆመው የቦረና ከብት ጠባቂ በአንድ ቅንብር ሲገናኙ የሚወለደው ሦስተኛ ሐሳብ ርኅራኄ ሳይሆን ፍትሕ ነው።

ይህን ማለት ግን የአገር ውስጡን ተጠያቂ መሸፈን ማለት ሊሆን አይገባም። የአየር ንብረት ለውጥ አዲሱ «መቅሠፍት» ሆኖ ማንኛውም ቢሮ ድክመቱን የሚሰውርበት መጋረጃ እንዳይሆን ያስፈራል። የውሃ ጉድጓዱ ሳይጠገን ለምን ቀረ? የግጦሽ መሬቱ ለማን ተሰጠ? ማስጠንቀቂያው በወቅቱ ደርሶ ሳለ እህሉ ለምን ዘገየ? የሩቁን ጭስ አውጪ የሚከስ ፊልም የቅርቡንም በር ካላንኳኳ የ1967 ዓ.ም.ን እውነትና የ1977 ዓ.ም.ን ዝምታ አንድ ላይ ይደግማል።

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። በዚያን ጊዜ የዓለም ካሜራ ሁሉ ወደዚህች አገር ይመጣል፤ የተሰነጠቀ መሬትና ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊትም ይፈልግ ይሆናል። ከዚያ በፊት የአገሩ የፊልም ባለሙያ የራሱን ምስል በራሱ መቀስ አዘጋጅቶ መጠበቅ ይኖርበታል። የባህል ተቋማት ካሜራውንና የቅንብር ጠረጴዛውን ወደ ያቤሎ፣ ወደ ኮረም፣ ወደ ጎዴ ማድረስ ይጠበቅባቸዋል። መምህሩ ፊልሙን ለተማሪዎቹ ካሳየ በኋላ መብራቱን አብርቶ ሦስቱን ጥያቄዎች ያንሣ። ካድሬውም ፊልሙ እርሱን ራሱን የሚጠይቅበት ክፍል ላይ ሲደርስ ከአዳራሹ አይውጣ።

የወሎ ገበሬ ምስል በ1965 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰቅሎ በነበረ ጊዜ ሊያየው የሚገባው ወገን አይቶት ቢሆን ኖሮ፣ ለንደን «ያልታወቀ» ብላ የምትሰይመው ረሃብ ባልኖረ ነበር። የሚቀጥለው ድርቅ ምስልም ዛሬ በአንድ አርብቶ አደር ልጅ የእጅ ስልክ ውስጥ ተቀርጾ ተቀምጦ ይሆናል። ያንን ምስል ፈልጎ ማግኘት፣ ከምክንያቱ ጋር ማያያዝና በጊዜው ለሕዝብ ማሳየት ኪነ ጥበብ ለፍትሕ የሚያበረክተው ተጨባጭ ድርሻ ነው።